የካይኩራ ብርሃኖችና የጋዜጠኛው ምስክርነት

ሰማይ ለሰው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ መሣሪያ ነበር። ገበሬው የዝናቡን መግቢያና መውጫ፣ መርከበኛው የጉዞውን አቅጣጫ፣ ሌሊት የሚጓዘው ነጋዴ የንጋቱን መቃረብ ያወቁት ወደ ላይ አንጋጠው ነው። በዚህም ምክንያት ሰማይን በየቀኑ የሚያይ ሰው የተለመደውን ከእንግዳው ለይቶ ያውቃል። ጅራታም ኮከብ ብቅ ሲል፣ ፀሐይ በቀትር ስትጨልም ወይም ተወርዋሪ ኮከብ አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚደነግጠውም ሰማይን ስለማያውቅ ሳይሆን የሚያውቀው ሥርዓት የተዛባ ስለሚመስለው ነው።

ይህ ድንጋጤ በየዘመኑ የራሱን ተርጓሚ አግኝቷል። በአንድ ወቅት ትርጓሜው የንጉሥ ሞት፣ የጦርነት ወይም የረኃብ ምልክት ነበር፤ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ሆነ። የተለወጠው ግን ትርጓሜው ብቻ አይደለም። ወሬውን ከተመልካቹ ተቀብሎ ለሕዝብ የሚያደርሰው ሰውም ተለውጧል። ቀድሞ ኮከብ ቆጣሪውና ዜና መዋዕል ጸሐፊው ይዘውት የነበረውን ቦታ ጋዜጠኛው ወረሰው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ፣ ማለትም በታኅሣሥ ወር 1971 ዓ.ም.፣ በኒው ዚላንድ ሰማይ ላይ የታየውን ነገር ነው። በሰማይ ላይ እንግዳ ነገር አየን የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህኛውን ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየው ወሬውን ሊዘግብ የሄደ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ራሱ የዓይን ምስክር መሆኑ፣ ያየውንም በፊልምና በድምፅ ይዞ መመለሱ ነው። ስለሆነም ጥያቄያችን «በሰማይ ላይ የነበረው ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ አይሆንም፤ «ምስክር የሆነ ጋዜጠኛ ለሕዝብ የሚያስረክበው ነገር ምንድን ነው?» የሚለውም ጭምር ነው።

ስም ከነገሩ ሲቀድም

የካይኩራን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ጋዜጣ ለዚህ ጉዳይ ያወጣለትን ስም መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጁን 24 ቀን 1947 ኬኔዝ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴና አውሮፕላን አብራሪ በዋሺንግተን ክፍለ ሀገር፣ በሬኒየር ተራራ አቅራቢያ ሲበር ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ተከታትለው በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፉ ማየቱን ተናገረ። አርኖልድ በኋላ እንዳስረዳው፣ በውሃ ላይ ተወርውሮ እየነጠረ ከሚሄድ የሲኒ ሳህን ጋር ያነጻጸረው የነገሮቹን አካሄድ ነበር። ጋዜጦች ግን ንጽጽሩን ከአካሄድ ወደ ቅርፅ አዛወሩትና «በራሪ ሳህን» የሚል ስም አወጡ። ስሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ አገር አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ በየአቅጣጫው ሰዎች ሳህን የመሰለ ነገር አየን ይሉ ጀመር።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ሰው የሚያየውን ነገር ስም እንደሚሰጠው ሁሉ፣ አስቀድሞ የሰማው ስም ደግሞ የሚያየውን ነገር ይቀርፅለታል። የጋዜጠኛ ቃል የታየውን ብቻ የሚገልጽ ሳይሆን ገና የሚታየውንም የሚያዘጋጅ ኃይል አለው ማለት ነው።

የአሜሪካ አየር ኃይል «ብሉ ቡክ» በተባለ የምርመራ ሥራው እስከ 1969 ድረስ 12,618 እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ከዋክብት፣ ፊኛዎች፣ አውሮፕላኖችና ሌሎች የታወቁ ነገሮች ሆነው ሲገኙ፣ 701 የሚሆኑት ማንነታቸው ያልታወቀ ተብለው ቀርተዋል። «ማንነቱ ያልታወቀ» የሚለው አነጋገር የዕውቀታችንን ወሰን የሚያመለክት እንጂ የነገሩን ማንነት የሚገልጽ አይደለም። ነገር ግን በሕዝብ ጆሮ ውስጥ ሁለቱ በቀላሉ ይቀላቀላሉ። አንዱ «ምን እንደሆነ አላወቅሁም» ሲል ሌላው «ከሌላ ዓለም ነው» ብሎ ይሰማዋል።

የባሕሩ ዳር ከተማ

ኒው ዚላንድ በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፣ ሁለት ታላላቅ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ካይኩራ በደቡቡ ደሴት ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ስሟ በማኦሪ ቋንቋ «ኮውራ» ከተባለው ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ የባሕር እንስሳ የሚገኘውን ምግብ ያመለክታል። ከኋላዋ ከፍተኛ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ ደግሞ የባሕሩ ወለል ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ በድንገት ይገደልና ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ተራራና ጥልቅ ባሕር እንዲህ ተጠጋግተው በሚገኙበት ቦታ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በየጊዜው ይደራረባሉ። ይህም ለታሪካችን ተራ ነገር እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

በዚያን ጊዜ ሴፍ ኤር የተባለው ድርጅት አርጎሲ በሚባሉ ባለ አራት ሞተር የጭነት አውሮፕላኖች በሁለቱ ደሴቶች መካከል ሌሊት ሌሊት ዕቃ ያመላልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 21 ቀን 1978፣ ማለትም ታኅሣሥ 12 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከንጋት በፊት የእነዚህ አውሮፕላኖች ሠራተኞች በካይኩራ አካባቢ እንግዳ ብርሃኖች ማየታቸውን ለዌሊንግተን የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ አስታወቁ። በመቆጣጠሪያው የራዳር መስኮት ላይም ከየትኛውም የታወቀ በረራ ጋር የማይገናኙ ምልክቶች ታዩ።

ወሬው የታስማንን ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ሲደርስ ያረፈው በተዘጋጀ ጆሮ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ በኦክቶበር 21 ቀን 1978፣ ፍሬደሪክ ቫለንቲች የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ከሜልቦርን ከተማ ተነሥቶ በባስ የባሕር ወሽመጥ ላይ በትንሽ ሴስና አውሮፕላን ብቻውን ሲበር፣ ከበላዩ የማያውቀው ብርሃን ያለው ነገር እንደሚያንዣብብ ለተቆጣጣሪው በሬዲዮ ተናግሮ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። የሜልቦርን ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይህንኑ ጉዳይ ገና አልዘነጉትም።

በዚህ ጊዜ በሜልቦርን የሚገኘው የቻናል ዜሮ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዘጋቢ ክዌንቲን ፎጋርቲ ለዕረፍት ኒው ዚላንድ ነበር። ጣቢያው ስለ ዲሴምበር 21ዱ ሁኔታ አጭር ዘገባ እንዲያዘጋጅ ጠየቀው። የሥራው ዕቅድ ቀላል ነበር፤ የዓይን ምስክሮቹን ማነጋገር፣ ከዚያም በዚያው መሥመር በሚበር የጭነት አውሮፕላን ተሳፍሮ ለዘገባው ማጀቢያ የሚሆን ፊልም ማንሣት። ብርሃን ሊያድን የሄደ ሰው አልነበረም።

የዲሴምበር 30 ሌሊት በረራ

ፎጋርቲ ሁለት ባለሙያዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ፊልም አንሺው ዴቪድ ክሮኬት ሲሆን፣ ድምፅ የምትቀዳው ባለቤቱ ናይሪ ክሮኬት ነበረች። አውሮፕላኑን የሚያበሩት ካፒቴን ቢል ስታርታፕና ረዳቱ ቦብ ጋርድ በዚያ መሥመር የብዙ ጊዜ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የተጫነው ዕቃ ጋዜጣ ነበር። አርጎሲው ዲሴምበር 30 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ከዌሊንግተን ተነሥቶ ወደ ክራይስትቸርች አመራ።

ጋዜጠኛው በዕቃው ክፍል ውስጥ ለዘገባው የሚሆነውን ንግግር በካሜራ ፊት ሲቀርፅ ሳለ አብራሪዎቹ ጠሩት። ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሲወጡ በካይኩራ አቅጣጫ ብርሃኖች ይታያሉ፤ ይበራሉ፣ ይደምቃሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ካፒቴኑ ዌሊንግተንን ጠየቀ። በራዳሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው ተቆጣጣሪ ጄፍሪ ኮዘር በአውሮፕላኑ አካባቢ ምልክቶች እንደሚያይ መለሰለት። ከዚያ በኋላ በመሬት ያለው ተቆጣጣሪ የምልክቶቹን አቅጣጫና ርቀት ሲነግራቸው፣ በአየር ያሉት ወደተነገራቸው አቅጣጫ ሲመለከቱ ጉዞው ቀጠለ። አንዳንድ ጊዜ ብርሃን ያዩ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም አያዩም። ክሮኬት በጠባቡ ክፍል ውስጥ በሰዎች ትከሻ መካከል እየተሽሎከለከ በ16 ሚሊ ሜትር የቀለም ፊልም የቻለውን ያህል አነሣ። ናይሪ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የፎጋርቲን ትረካ ቀዳች።

አውሮፕላኑ ክራይስትቸርች ሲያርፍ ሰዎቹ የሚመርጡት ነገር ነበራቸው። በያዙት ፊልም ረክተው እዚያው መቅረት ወይም በዚያው መሥመር ተመልሶ መሄድ። ናይሪ ወረደች፤ በእርሷ ቦታ ዴኒስ ግራንት የተባለ የኒው ዚላንድ ጋዜጠኛ ተሳፈረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ አርጎሲው ወደ ብሌንሃይም ለመብረር ተነሣ።

እጅግ የተደነቀው ብርሃን የታየው በዚህ በሁለተኛው ጉዞ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ ሳለ በስተቀኝ በኩል ከሌሎቹ ሁሉ የደመቀ ብርሃን ታየ። በአውሮፕላኑ የራሱ የአየር ጠባይ ራዳር ላይም በዚያው አቅጣጫ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ላይ ምልክት ነበር። ክሮኬት ረጅም ሌንስ ገጥሞ አነሣው። ካፒቴኑ ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ አውሮፕላኑን አዞረ፤ ብርሃኑም ከነበረበት አንጻር ቦታውን የለወጠ መሰለ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አውሮፕላኑ ወደ መሥመሩ ተመለሰ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብሌንሃይም በሰላም አረፈ።

በዚያ ሌሊት ፎጋርቲ በድምፅ መቅጃው ላይ የተናገረው ትረካ የባለሙያ ሐተታ አልነበረም። ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ፍርሃቱንም አይሸሽግም። ከአፉ ከወጡት አባባሎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 ላሳተመው መጽሐፍ መጠሪያ ሆኗል፤ ትርጉሙም «ወዳጆች እንደሆኑ ተስፋ እናድርግ» እንደ ማለት ነው። ይህን አባባል ልብ እንበል። የታየው ብርሃን ነው፤ የተነገረለት ግን ባለቤት ያለው፣ ወዳጅ ወይም ጠላት ሊሆን የሚችል፣ አሳብ ያለው ፍጡር ነው። በዓይንና በቃል መካከል ያለውን ርቀት ጋዜጠኛው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተሻግሮታል። ማንም ሰው በዚያ ጨለማ ውስጥ ቢሆን ሊሻገረው ይችል ነበር። ጥቅሙ መሻገሩ በድምፅ ተቀድቶ ስለቀረ የት ላይ እንደተሻገረ ዛሬም ለይቶ ማየት መቻሉ ነው።

ዘጋቢው የዘገባ ርእስ ሲሆን

ፊልሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ታይቶ ወደ ሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ተላለፈ። ጊዜው የአዲስ ዓመት መባቻ ስለነበረ ሌላ ወሬ በቀዘቀዘበት ወቅት የካይኩራ ብርሃኖች የብዙ አገር ጋዜጦችን የፊት ገጽ ያዙ። የኒው ዚላንድ አየር ኃይል ኦርየን የተባለ የቅኝት አውሮፕላን ወደ አካባቢው ላከ፤ ፖሊስና በዌሊንግተን የሚገኘው የካርተር የከዋክብት መመልከቻም በጉዳዩ ገቡበት።

ትናንት ጠያቂ የነበረው ፎጋርቲ በአንድ ጊዜ ተጠያቂ ሆነ። ሌሎች ጋዜጠኞች እርሱ የዓይን ምስክሮቹን ሊጠይቅ ያሰበውን ጥያቄ ለእርሱ ያቀርቡለት ጀመር፤ ምን ያህል ርቀት ነበር? እርግጠኛ ነህ? ጠጥተህ ነበርን? ብሎ እስከ መሣለቅ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ምስክር ከሁለት በኩል ይገፋል። በአንድ ወገን ፌዘኛው ምንም እንዳላየ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ በሌላው ወገን አማኙ ካየው በላይ እንዲናገር ይገፋፋዋል። ሁለቱም የሚጠሉት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ያዩትን ያህል ብቻ መናገር ነው።

ጣቢያው በዚህ ጊዜ ያደረገው አንድ ተገቢ ነገር አለ። የፊልሙን የመጀመሪያ ቅጂ ለምርመራ ክፍት አደረገ። ለዚህም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ የሚሠራ የብርሃን ፊዚክስ ባለሙያ የሆነውን ብሩስ ማካቢን ጋበዘ። ማካቢ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ምስክሮቹን አነጋገረ፣ የድምፅ ቅጂዎቹን ከፊልሙ ጋር አስተያየ፣ የብርሃኑንም ጉልበት ለማስላት ሞከረ። ማካቢ ስለ እንግዳ በራሪ ነገሮች በሚመረምሩ የግል ማኅበራት ውስጥ የሚሳተፍ ሰው መሆኑን ግን አንባቢ ማወቅ ይገባዋል።

የሊቃውንቱ ክርክር

የቀረቡት ማብራሪያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ቬነስ ናት። እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ይህች ፕላኔት በዚያ ወቅት ከፀሐይ በፊት እየወጣች እጅግ ደምቃ የምትታይበት ጊዜ ነበር። ከአድማስ በላይ ብዙም ሳትርቅ ስትታይ አየሩ ብርሃኗን ስለሚሰብረው ቀለሟ ይለዋወጣል፤ ትንቀጠቀጣለችም። ብዙ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች እንኳ በእርሷ ተታልለዋል። ይሁን እንጂ የዚያን ሌሊት የመጀመሪያዎቹ ብርሃኖች የታዩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወዲያው ነው፤ በዚያ ሰዓት ቬነስ ገና አልወጣችም። እንግዲህ ይህ ማብራሪያ ቢሠራ እንኳ ለነገሩ ሁሉ ሊሠራ አይችልም።

ሁለተኛው የዓሣ አጥማጆች መብራት ነው። ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ መርከቦች እንስሳውን ወደ ላይ ለመሳብ እጅግ ኃይለኛ አምፖሎች በተርታ ሰቅለው ሌሊቱን ባሕሩን ያበሩታል። ይህ ብርሃን ከሩቅ ይታያል፤ በደመናም ላይ ያንጸባርቃል። የኒው ዚላንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ዊልያም አየርላንድ በሁለተኛው ጉዞ የታየው ደማቅ ብርሃን እንዲህ ያለ መርከብ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ማካቢና አብራሪዎቹ በበኩላቸው የብርሃኑ አቅጣጫ፣ ከፍታና የቦታ ለውጥ ከመርከብ ጋር አይስማማም ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩ «አፕላይድ ኦፕቲክስ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከ1979 ጀምሮ በስሌት ተደግፎ ተካሂዷል።

ሦስተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። በበጋ ቀትር በረጅም አስፋልት መንገድ ላይ ውሃ የተኛ መስሎ የሚታየን የብርሃን ጨረር በትኩስና በቀዝቃዛ አየር መካከል ሲያልፍ ስለሚጎብጥ ነው። በባሕር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ሞቃት አየር ከላይ ሲሆን ጨረሩ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ከአድማስ በታች ያለ መብራትም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። የራዳር ሞገድም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ወደ ሰማይ የተላከው ሞገድ ጎብጦ ከባሕር ወይም ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ራዳሩ በባዶ አየር ላይ ምልክት ያሳያል። ካይኩራ ያለችበት የተራራና የባሕር ጎረቤትነት ለዚህ ምቹ ነው።

እነዚህን ማብራሪያዎች የሚቃወሙ ሰዎች ዋናው መከራከሪያቸው ዓይን፣ ካሜራና ራዳር በአንድነት መመስከራቸው ነው። ይህ ጠንካራ ክርክር ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስቱ ምስክሮች እውነት እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ መስክረዋልን? በዚያ ሌሊት ተቆጣጣሪው አቅጣጫ ሲናገር አብራሪዎቹ ወደዚያ ይመለከታሉ፤ አብራሪዎቹ ብርሃን አየን ሲሉ ተቆጣጣሪው በዚያ በኩል ምልክት ይፈልጋል። ብርሃንና ምልክት የተገጣጠሙበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ ያልተገጣጠሙበትም አለ። በፍርድ ቤት እንኳ ተያይተውና ተሰማምተው የተናገሩ ሦስት ምስክሮች እንደ ሦስት አይቆጠሩም።

በመንግሥት በኩል የተደረገው ምርመራ የደረሰበት መደምደሚያ ብርሃኖቹ ያልተለመዱ ይሁኑ እንጂ የተፈጥሮ ክስተቶች ናቸው የሚል ነበር፤ የመርከብ፣ የመኪናና የባቡር መብራቶች ነጸብራቅ፣ እንዲሁም ቬነስ በማብራሪያነት ተጠቅሰዋል። ማካቢና ካፒቴን ስታርታፕ በዚህ አልተስማሙም። አለመስማማቱም እስከ መጨረሻው ቀጥሏል።

ካሜራ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ስለ ሥነ ሥዕልና ስለ ፊልም የሚጨነቁ አንባቢዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰማዩ ይልቅ የሚስባቸው ምናልባት ካሜራው ይሆናል። «ዓይን ይሳሳታል፣ ካሜራ ግን አይዋሽም» የሚለው እምነት በሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ይሁንና በጨለማ ውስጥ ያለን አንድ የብርሃን ነጥብ በረጅም ሌንስ ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ እናስብ።

አውሮፕላኑ በሞተሮቹ ኃይል ይንቀጠቀጣል፤ አንሺው ካሜራውን በእጁ ይዟል። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር እጅግ ትንሽ የሆነች የእጅ መናወጥ በፊልሙ ላይ ትልቅ እንቅስቃሴ ትሆናለች። በዚህ ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ብርሃን ጠመዝማዛ መሥመር ሊሥል ይችላል። ሌንሱ በትክክል ካልተስተካከለ ደግሞ ነጥቡ ይሰፋና ክብ ሳህን ይመስላል፤ ክቡ ግን የሌንሱ እንጂ የነገሩ ቅርፅ አይደለም። ከሁሉ በላይ በጥቁር ሰማይ ላይ ያለ ብርሃን የሚነጻጸርበት ዛፍ፣ ቤት ወይም ተራራ ከሌለው መጠኑንም ሆነ ርቀቱን ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም። ቅርብ ያለ ትንሽ መብራትና ሩቅ ያለ ታላቅ መብራት በፊልም ላይ አንድ ናቸው።

ይህ ማለት የክሮኬት ፊልም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ፊልሙ ብርሃን እንደነበረ አረጋግጧል፤ የተመልካቾቹ ቅዠት አለመሆኑን መስክሯል። ከዚያ በላይ ግን ፊልሙ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ የሚናገረው ሰው ነው። የሥነ ጥበብ ሰው ይህን ወሰን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በምስሉ ዝምታ ውስጥ ድምፅ የሚጨምረው፣ ትረካና ሙዚቃ አጅቦ የተመልካቹን ስሜት ወደፈለገበት የሚመራው እርሱ ነው።

መዝገቡ ሲከፈት

የኒው ዚላንድ መከላከያ ኃይል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ስለ እንግዳ የሰማይ ትርኢቶች ያከማቸውን መዝገብ ለሕዝብ ከፈተ። ከ1954 እስከ 2009 ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ይህ መዝገብ ወደ 2,000 ገጾች ሲሆን፣ የምስክሮቹ ስምና ማንነታቸውን የሚያመለክተው ሁሉ ተሰርዞ ነበር። የካይኩራም ጉዳይ በውስጡ ይገኛል። አንዳንዶች የተደበቀ ምሥጢር ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን የሰዎችን ደብዳቤዎች፣ በእጅ የተሣሉ ሥዕሎችንና የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶችን ነው። ባገኙት ነገር የተከፋ ሰው ይኖራል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን እነዚህ ገጾች ውድ ናቸው፤ የአንድ ሕዝብ ሰማይ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ምን ይመስል እንደነበረ ያሳያሉና።

በሌላም ስፍራ የተደረሰበት መደምደሚያ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት 144 እይታዎችን መርምሮ በእርግጠኛነት ማንነቱን ሊለይ የቻለው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም አየሩ እየወጣለት የነበረ ትልቅ ፊኛ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ያቋቋመው 16 አባላት ያሉት የሊቃውንት ቡድን በ2023 ባቀረበው ሪፖርት ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጾ፣ ዋናው ችግር በሚገባ የተለካና የተመዘገበ መረጃ መጓደል መሆኑን አስታውቋል። ከካይኩራ ሌሊት ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ጥያቄው ያው ነው፤ የሚጎድለው የሚያምን ወይም የሚክድ ሰው ሳይሆን በጥንቃቄ የተያዘ ምስክርነት ነው።

ማጠቃለያ

የካይኩራን ብርሃኖች ሙሉ በሙሉ የሚያብራራና ሁሉም የተስማማበት ፍርድ እስከ ዛሬ የለም። ይህ ጸሐፊ በቀረቡት ማስረጃዎች መሠረት የመርከብ መብራት፣ የአየር ጠባይና የተዘጋጀ ጆሮ ተጋግዘው የዚያን ሌሊት ትርኢት እንደፈጠሩ ለማመን ያዘነብላል። አንባቢ ከዚህ የተለየ አስተያየት ቢኖረው ግን መከራከር የሚችልበት መሣሪያ በእጁ አለ፤ ፊልሙ አለ፣ ድምፁ አለ፣ የራዳር ተቆጣጣሪው ንግግር አለ፣ ስሌቱም ታትሟል።

የፎጋርቲና የባልደረቦቹ ታላቁ አገልግሎት ይህ ነው እንላለን። በዚያ ሌሊት ትክክለኛውን ስም አልሰጡ ይሆናል፤ ነገር ግን ፈርተው ካሜራውን አላጠፉም፣ ተመልሰው ለመብረር አልሰነፉም፣ የያዙትንም ከመርማሪ አልሸሸጉም። ስሕተት ቢኖር እንኳ ስሕተቱን የሚያርምበትን ማስረጃ ለመጪው ሰው ትተውለታል። ብዙ የጥንት ትርኢቶች በአንድ መሥመር ዜና መዋዕል ብቻ ሲተላለፉልን፣ የተመልካቹን ቃል ከጸሐፊው ትርጓሜ ለመለየት ምንኛ እንደምንቸገር የታሪክ መምህራን ያውቁታል።

ስለዚህ በአደባባይ የሚናገር፣ በክፍል የሚያስተምር ወይም በብሩሽና በካሜራ የሚሠራ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አንድ ልማድ አለ። ያየኸውን በአንድ መሥመር፣ የመሰለህን በሌላ መሥመር ጻፍ፤ ሁለቱን ግን አታደባልቅ። ተማሪው «መምህር፣ ያ ብርሃን ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከአድማስ ያለውን ከፍታና የአየሩን ሁኔታ አስቀድሞ እንዲመዘግብ ማስተማር መልሱን ከመንገር ይበልጣል። ሰማይ ለጥያቄያችን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይመልስም። በሚገባ የተጻፈ ጥያቄ ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሳይበላሽ ይቆያል።